ብረቱ ተጠብቆ እውቀቱ ሲጣል

በቦይንግ 737 የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ፣ በካፒቴኑና በረዳት አብራሪው ወንበር መካከል ባለው ኮንሶል ግራና ቀኝ፣ ጉልበት አጠገብ አንዳንድ ጥቁር መዘውር ተገጥሟል። ሲዞር ዓይን እንዲይዘው ነጭ ምልክት ተቀብቷል፤ የሚታጠፍ እጀታም አለው። የኤሌክትሪክ ሞተሩ የጅራቱን አግድም ክንፍ በሚያንቀሳቅስበት ጊዜ መዘውሩ ድምፅ እያሰማ አብሮ ይዞራል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ደግሞ አብራሪው እጀታውን ስቦ ያወጣና በክንዱ ጉልበት ያዞረዋል። ከመዘውሩ የተነሳ የብረት ገመድ እስከ ጅራቱ ይሄዳል፤ እዚያ አንድ ረጅም ጥርሳም ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉ ሲዞር አግድሙ ክንፍ ያዘነብላል፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫም እንደ ክንፉ ዝንባሌ ቀና ወይም ደፋ ይላል።

አሠራሩ 737 ለመጀመሪያ ጊዜ ከበረረበት ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ የነበረ ነው። እንደ 787 ባሉ አዳዲስ አውሮፕላኖች ላይ መዘውር የለም። በ737 ላይ ግን ሞተሩ ሦስት ጊዜ ሲለወጥ፣ ባለ መርፌ ጌጆቹ በስክሪን ሲተኩ፣ እሱ ቦታውን አልለቀቀም። ሲላላም ሲጠብቅም በእጅ ይታወቃል። የ737 ማክስን ታሪክ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ መዘውር ቢጀምር አይሳሳትም። ያረጀ ቴክኖሎጂን ጠብቆ ማቆየት ምን እንደሚጠይቅ፣ ብረቱን አቆይቶ ከብረቱ ጋር የመጣውን እውቀት የሚጥል አስተዳደርም ምን እንደሚያስከትል በአንድ ዕቃ ላይ ይታያል።

ለመሬት የቀረበ አውሮፕላን

737 የተነደፈው ለትናንሽ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ነበር። በ1960ዎቹ ብዙዎቹ ማረፊያዎች የመንገደኛ መሰላልም ሆነ የሻንጣ መጫኛ ማሽን አልነበራቸውም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ዝቅ ተደርጎ ተሠራ። ሻንጣ ጫኙ መሬት ላይ ቆሞ ዕቃውን በእጁ ወደ ሆዱ ያስገባል፤ መሰላሉም ከራሱ ከአውሮፕላኑ በር ሥር ተስቦ ይወጣል። የሰውነቱ ስፋት ከ707 ተወሰደ። ሞተሮቹም በ727 ላይ የተሞከሩት፣ ቀጭንና ረጅሞቹ ሆነው ከክንፉ ሥር ተጣበቁ። አዲሱ አውሮፕላን ገና ሲወለድ ከፊሉ አሮጌ ነበር፤ ይህም ዋጋውን ቀነሰለት፣ አስተማማኝም አደረገው።

ዝቅታው መጀመሪያ በረከት፣ ኋላ ዕዳ ሆነ። የጄት ሞተር ነዳጅ የሚቆጥበው የፊት ማራገቢያው እየሰፋ ሲሄድ ነው፤ ማራገቢያው ሲሰፋ ደግሞ ሞተሩ ወደ አስፋልቱ ይቀርባል። በ1984 737-300 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር መሐንዲሶቹ ከሞተሩ ሆድ ሥር የነበሩትን ተቀጥላ ዕቃዎች ወደ ጎን አዛውረው፣ ሽፋኑን ከታች ጠፍጠፍ አድርገውት ነበር። ቦሌ ላይ የቆመ 737ን ከፊት ለፊት ያየ ሰው የአንዳንዶቹ ሞተር አፍ ሙሉ ክብ ሳይሆን ከሥር ተጭኖ የተደፈጠጠ እንደሚመስል ልብ ሳይል አይቀርም። የመንገደኛ መሰላል ያልነበረበት ዘመን አሻራ ነው።

ይህ የመሐንዲስ ጥበብ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። የተሰጠህን አጥር ሳትዘል በአጥሩ ውስጥ መላ መፈለግ የሙያው ግማሽ ነው። ጥያቄው ጥበቡ የሚያልቅበት ቀን ሲመጣ «ከዚህ ወዲያ አይሄድም» የሚለው ሰው ይሰማል ወይ የሚለው ነው።

አሮጌን መያዝ በራሱ ጥፋት አይደለም

በመሐንዲሶች ዘንድ «አሮጌ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ስድብ አይደለም። ረጅም ዘመን የሠራ ማሽን ባሕርይው ታውቋል። የት ላይ እንደሚሰነጠቅ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚዝግ፣ የትኛው ድምፅ የምን ምልክት እንደሆነ መዝገብ አለው። አዲስ ማሽን ግን ገና ማንም ያላየው በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቢ-52 የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ በ1952 በረረ፤ የመጨረሻው በ1962 ከፋብሪካ ወጣ፤ ዛሬም በአገልግሎት ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። እነዚያና ወንድሞቻቸው ዲሲ-3ዎች የጥርጊያ ሜዳዎች ላይ እያረፉ ለአሥርተ ዓመታት አገልግለዋል። ያኖራቸው የጠጋኙ እጅና የመዝገቡ ንጽሕና ነው።

እንዲህ ያለ ዕድሜ ግን በነጻ አይገኝም። መለዋወጫ ከገበያ ሲጠፋ የሚሠራ፣ ሥዕሉን የሚያነብ፣ «ይህ ብሎን ለምን እዚህ ገባ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው መኖር አለበት። ከሁሉ በላይ በአሮጌው ላይ አዲስ ነገር ሲጨመር ሒሳቡ እንደ አዲስ ይሠራል። በአሮጌ ቤት ላይ ፎቅ የሚጨምር ሰው መሠረቱን ደግሞ ያስፈትሻል፤ «ለ50 ዓመት ቆሟልና አይወድቅም» ብሎ ግንበኛ አይጠራም። የቆመው የቀድሞውን ሸክም ተሸክሞ ነውና።

*ማሽን ዓመት ቆጥሮ ያረጃል፤ የሚሞተው ግን ባሕርይውን የሚያውቅ ሰው ሲያልቅ ነው።*

ከሲያትል ወደ ቺካጎ

ቦይንግ ለረጅም ዘመን የመሐንዲሶች ቤት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 777 ሲሠራ የነበረውን አሠራር የሚያስታውሱ ሠራተኞች፣ ችግር ይዞ ስብሰባ የገባ ሰው እንደማይገሠጽና አየር መንገዶች ሳይቀሩ ከንድፉ ጀምሮ እንደተጋበዙ ይናገራሉ። በ1997 ቦይንግ ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር ተዋሐደ። ገዢው ቦይንግ ነበር፤ ስሙም የቦይንግ ሆኖ ቀጠለ። በሠራተኞቹ ዓይን ግን የአመራሩን መንፈስ ያመጣው የተገዛው ኩባንያ ነው። በ2000 መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ለ40 ቀናት ሥራ አቆሙ። ብዙዎቹ ከደመወዙ ይልቅ የሙያቸው ክብር መነካቱን ያነሱ ነበር። በዓመቱ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከሲያትል ተነቅሎ ቺካጎ ገባ። አለቃው አውሮፕላኑ ከሚሠራበት ፋብሪካ በሺዎች ኪሎሜትር ራቀ። ከማክዶኔል ዳግላስ የመጣውና በ2003 ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆነው ሃሪ ስቶንሳይፈር ድርጅቱ እንደ ትልቅ የምህንድስና ቤት ሳይሆን እንደ ንግድ ድርጅት እንዲመራ ባህሉን ሆን ብሎ እንደለወጠ በአደባባይ ተናግሯል።

ለዚህ ለውጥ ከውስጥ የተሰጠው ጠንካራ መልስ የመጣው ከዳግላስ ወገን ከሆነ መሐንዲስ መሆኑ ይገርማል። ኤል. ጄ. ሃርት-ስሚዝ በ2001 በኩባንያው የውስጥ ጉባኤ ላይ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ርዕሱ ሥራን ለሌሎች ድርጅቶች አሳልፎ ስለመስጠት ነበር። በወቅቱ አስተዳዳሪዎች ይህን እንደ ቁጠባ ያዩት ነበር፤ ፋብሪካና ሠራተኛ ሲቀንስ በወረቀት ላይ ትርፉ ከፍ ይላል። ሃርት-ስሚዝ ግን ዳግላስ በዲሲ-10 ያየውን አስታወሰ። ሥራው ሲሰጥ ትርፉም አብሮ ይሰጣል፤ ክፍል የሚያቀርቡት ድርጅቶች ሲያተርፉ ኪሳራው በዋናው ሠሪ ላይ ይቀራል። በአንድ ክፍል ወጪ መቀነስ የጠቅላላውን ወጪ ሊያንር ይችላል። የመጣው ክፍል ከጎረቤቱ ጋር አልገጥም ሲል ችግሩ የሚፈታው በመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ ነውና፣ ያ ደግሞ ከሁሉ ውድ የሆነው ቦታ ነው። ሥራውን መስጠት የሚያዋጣው የሰጠውን ሥራ ራሱ ጠንቅቆ ለሚያውቅ ብቻ ነው የሚል ነበር የክርክሩ ፍሬ።

ሰሚ አላገኘም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተጀመረው 787 ከአውሮፕላኑ እጅግ ብዙውን ክፍል ለውጭ ሠሪዎች ሰጠ፤ ክፍሎቹም አልገጥም እያሉ ከታቀደው ከሦስት ዓመት በላይ ዘገየ። የ737 ሰውነት የሚሠራበትን የካንሳሱን ዊቺታ ፋብሪካም ቦይንግ በ2005 ሸጠው። ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ መከላከያ ቀለም የተቀቡ፣ ክንፍና ጅራት የሌላቸው የ737 ቀፎዎች በባቡር ፉርጎ ላይ ተጭነው ከ3,000 ኪሎሜትር ያላነሰ መንገድ እየተጓዙ፣ ከሲያትል በስተደቡብ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ወዳለው የሬንተን ፋብሪካ የሚገቡት ከሌላ ድርጅት ነበር።

የአስተዳዳሪዎቹንም ወገን መስማት ያስፈልጋል። ከኤርባስ ጋር የነበረው ፉክክር የምር ነበር፤ አዲስ አውሮፕላን መንደፍ ድርጅትን ሊያከስር የሚችል ገንዘብ ይበላል፤ ባለአክሲዮኖችም ይጠይቃሉ። ወጪን መጠየቅ የአስተዳዳሪ ሥራ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው የወጪ ጥያቄ ብቸኛው ጥያቄ ሲሆን ነው።

የተቸኮለ ውሳኔ

ኤርባስ በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤ320ን በአዲስ ሞተር ለማውጣት ወሰነ። ቦይንግ ያን ጊዜ 737ን የሚተካ ፈጽሞ አዲስ አውሮፕላን እያሰበ ነበር። በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ግን የረጅም ጊዜ ደንበኛው አሜሪካን ኤርላይንስ ከግማሽ የሚበልጠውን ትልቅ ግዢ ለኤርባስ ሰጠ። ከወር በኋላ ቦይንግ አዲሱን ሐሳብ ትቶ 737ን እንደገና በአዲስ ሞተር እንደሚያወጣ አስታወቀ። ማክስ ተባለ።

አዲሱ ሞተር የፊት ማራገቢያው ወደ 176 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ የቀድሞው 155 ነበር። ዝቅታው እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ከሥር መጠፍጠፍ አልበቃም። ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፋ፤ የፊት ጎማው እግርም በ20 ሴንቲሜትር ያህል ረዘመ። እዚህ ላይ አንድ የበረራ ባሕርይ ተለወጠ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን በጣም ሲያቀና ሰፊው የሞተር ሽፋን ራሱ እንደ ክንፍ አየር እየያዘ አፍንጫውን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በአብራሪው እጅ ላይ የሚሰማው የመሪ ክብደትም ሕጉ ከሚፈቅደው በታች ይቀላል። መሪው ሲቀል አብራሪው ሳያውቀው አብዝቶ ሊስብ፣ ክንፉም አየር መያዝ ሊሳነው ይችላል።

ለዚህ የተመረጠው መፍትሔ ሶፍትዌር ነበር። ኤምካስ ይባላል። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ማለቱን ሴንሰሩ ሲነግረው የጅራቱን አግድም ክንፍ በራሱ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል።

አንድ ሴንሰር

ኤምካስ ሲጀመር ትንሽ ነገር ነበር። እምብዛም በማያጋጥም የከፍተኛ ፍጥነት ሁኔታ ብቻ እንዲሠራ ታስቦ፣ ከመነሳቱ በፊት ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች መስማማት ነበረባቸው፤ ክንፉንም ማንቀሳቀስ የሚችለው በ0.6 ዲግሪ ነበር። ሙከራው ሲቀጥል ግን በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ ተፈለገ። ጉልበቱ ወደ 2.5 ዲግሪ አደገ፤ ሁለተኛው መለኪያ ቀረ። አብራሪው ሲመልሰው ቆይቶ እንደገና እንዲገፋም ተደርጎ ነበር። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ሁለት የአንግል ሴንሰር አለው፤ ኤምካስ ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። ሴንሰሯ ወደ ውጭ የወጣች፣ በነፋስ የምትሽከረከር፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ቀጭን ምላስ ናት። ወፍ ሊመታት፣ ሽቦዋ ሊበላሽ፣ ስትጠገን ልኳ ሊዛባ ይችላል።

በምህንድስና ትምህርት ቤት ከሚማሩት የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ፣ ሲበላሽ ሰው የሚገድል ነገር በአንድ መለኪያ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ነው። ቦይንግ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ያው ኩባንያ ለአሜሪካ አየር ኃይል በሠራው ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ላይ የነበረው ኤምካስ ሁለት ሴንሰር ያነጻጽር ነበር። በ2015 አንድ የቦይንግ መሐንዲስ ኤምካስ በአንድ ሴንሰር ብልሽት ሊሳሳት ይችላል ወይ ብሎ በጽሑፍ ጠይቋል። ከዚያም በፊት በ2012 አንድ የኩባንያው የሙከራ አብራሪ ሲሙሌተር ላይ ኤምካስ በስህተት ሲነሳ ለመመለስ ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት፣ ሁኔታውን ለጥፋት የሚያደርስ ብሎ መዝግቦታል። የደህንነት ሒሳቡ ግን አብራሪ በ4 ሰከንድ ውስጥ እንደሚመልስ አድርጎ ተሠራ።

ጥያቄዎቹ ለምን እንደተዋጡ የአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ዘርዝሯል። ዋናው ነገር ሥልጠና ነበር። ማክስ የተሸጠው «ከቀድሞው 737 ጋር አንድ ነው፤ አብራሪዎቻችሁ ሲሙሌተር ሳይገቡ በኮምፒውተር ትምህርት ብቻ ይሸጋገራሉ» ተብሎ ነው። ለአንድ ትልቅ የአሜሪካ አየር መንገድ፣ የሲሙሌተር ሥልጠና ግዴታ ሆኖ ከተገኘ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀነስለት ቃል ተገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ከተገባ በኋላ «ይህ አዲስ ነገር ነው» የሚል መሐንዲስ ገንዘብ የሚያስወጣ ሰው ይሆናል። በ2016 ኤምካስ ከአብራሪዎች መመሪያ እንዲወጣ ተደረገ። ተቆጣጣሪው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም ብዙውን የማረጋገጥ ሥራ ለራሱ ለቦይንግ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ስለነበር የሥርዓቱን ሙሉ ጉልበት አልተረዳም።

የአሮጌው ስም ለአዲሱ መከለያ ሆነ። 737 ለ50 ዓመት የበረረ፣ አብራሪው የሚያውቀው፣ ተቆጣጣሪው የሚያምነው ስም ነበር። ያ እምነት የተገኘው ከቀደሙት መሐንዲሶች ልፋት ነው፤ የኋለኞቹ አስተዳዳሪዎች ደግሞ ፍተሻ ለመቀነስ አዋሉት።

*ለ50 ዓመት የተከማቸ እምነት ፍተሻን ለመቀነስ ዋለ።*

የሬንተን ፋብሪካም በዚያው ጊዜ ይጨናነቅ ነበር። የምርት ፍጥነቱ እንዲጨምር ሲታዘዝ ክፍሎች ዘግይተው ይመጣሉ፤ ሠራተኛው በተርታ መሥራት የነበረበትን ሥራ አስቀርቶ በኋላ ይመለስበታል። በ2018 አንድ የፋብሪካው ከፍተኛ ኃላፊ ሠራተኞቹ ከመዳከማቸው የተነሳ ለደህንነት እንደሚሰጋ ለአለቆቹ ጽፎ፣ መስመሩ ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ። አልቆመም።

በጥቅምት 29 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የላየን ኤር ማክስ ከጃካርታ ተነስቶ ጃቫ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ 189 ሰዎች ሞቱ። የአንግል ሴንሰሩ ልኩ የተዛባ ነበር። ያው አውሮፕላን ከአንድ ቀን በፊት ያንኑ ችግር አሳይቶ፣ የዚያን ቀን አብራሪዎች የጅራቱን ኤሌክትሪክ ቆርጠው በመዘውሩ እያዞሩ በሰላም አሳርፈውታል። ቦይንግ ከሳምንት በኋላ ኤሌክትሪኩ እንዲቆረጥ፣ መዘውሩ በእጅ እንዲዞር የሚያሳስብ መመሪያ አወጣ። በመመሪያው ውስጥ ኤምካስ የሚለው ስም አልተጠቀሰም። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በበኩሉ ማስተካከያ ካልተደረገ በማክስ የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርስ ተመሳሳይ አደጋ ሊከሰት እንደሚችል በውስጥ አስልቶ ነበር። አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ።

መጋቢት 1

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ከወጣ አራት ወር ገደማ ነው። ከመሬት እንደለቀቀ ብዙም ሳይቆይ የግራው የአንግል ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አነበበ፤ የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ነበር። የካፒቴኑ መሪ የማስጠንቀቂያውን መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች ግራና ቀኝ ተለያዩ።

ኤምካስ የግራውን አመነ። አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ መለሱት፤ ደግሞ ገፋ። ከዚያ መመሪያው የሚለውን አደረጉ፤ የጅራቱን ኤሌክትሪክ ቆረጡ። ኤምካስ ዝም አለ፤ አግድሙ ክንፍ ግን ቀድሞ በተገፋበት፣ አፍንጫን በሚደፋ ቦታ ላይ ቀርቷል። ሁለቱም መሪውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነው። ረዳት አብራሪው የመዘውሩን እጀታ ይዞ ሞከረ። አልዞር አለ።

ሞተሮቹ በመነሻ ጉልበታቸው እንደሠሩ ነበሩና ፍጥነቱ ከተፈቀደው ወሰን አልፏል። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ መመለሱን፣ አብራሪዎቹም በኤሌክትሪክ አፍንጫውን ለማቅናት መሞከራቸውን የመረጃ ሳጥኑ ያሳያል። ኤምካስ እንደገና ገፋ። ከተነሳ በስድስተኛው ደቂቃ አውሮፕላኑ በሰዓት ወደ 900 ኪሎሜትር እየበረረ ከቢሾፍቱ አጠገብ፣ በጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ በሚባል አካባቢ የእርሻ መሬት ላይ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ፤ ዜግነታቸው ከ30 በላይ አገር ነበር። ጉድጓዱ 10 ሜትር ያህል ጠለቀ፤ ወርዱ 28፣ ርዝመቱ 40 ሜትር። የመጡ ዘመዶች ከዚያ መሬት አፈር እየዘገኑ ወደ አገራቸው ወሰዱ።

ኢትዮጵያ የመረጃ ሳጥኖቹን ለፈረንሳይ መርማሪዎች ላከች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማክስ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ጥፋቱን በኤምካስ ላይ አደረገ፤ ሴንሰሩ የተበላሸውም በኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ። የአሜሪካ መርማሪዎች ሴንሰሩን የመታው ወፍ ነው ይላሉ፤ እነሱም ፈረንሳዮቹም የአብራሪዎቹ የሞተር ጉልበትና የፍጥነት አያያዝ በበቂ አልተመረመረም ብለዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። ሆኖም ወፍም ይሁን ሽቦ፣ በአንዲት ምላስ ብልሽት ሙሉ አውሮፕላን እንዲደፋ የሚፈቅድ ንድፍ ተሠርቶ መሸጡን የሚክድ ወገን የለም።

ከመመሪያው የወጣው ገጽ

መዘውሩ ለምን አልዞር አለ? መልሱ የጉልበት ማነስ አይደለም። አግድሙ ክንፍ አፍንጫን ወደ ታች ሲገፋ አብራሪው በመሪው ወደ ላይ ይስባል፤ ሁለቱ ኃይሎች ጥርሳሙ ዘንግ ላይ ይተናነቃሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ትንቅንቁ እየጠነከረ ዘንጉ በክንድ የማይፈታ ይሆናል።

ይህን የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች ያውቁት ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የ737-200 አብራሪዎች የሥልጠና መጽሐፍ ለዚህ የሚሆን ዘዴ ያስተምራል። አብራሪው መሳቡን ለጊዜው ይተዋል፤ አፍንጫው ሲወርድ ዘንጉ ይላላል፤ በዚያች ቅጽበት መዘውሩን ፈጥኖ ያዞራል፤ ከዚያ እንደገና ስቦ ከፍታ ይይዛል፤ እስኪስተካከል ድረስ ይደጋግመዋል። መሪውን እየሳበ ያለ ሰው እየወደቀ ባለ አውሮፕላን ላይ እጁን ማላላት ከደመ ነፍሱ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ካልተማሩት የሚያገኙት ነገር አይደለም።

737 ትውልድ ሲቀይር ይህ ትምህርት ከመጻሕፍቱ ወጣ። ኤሌክትሪኩ አስተማማኝ ሆኗልና አስፈላጊነቱ አልታየም። መዘውሩ ግን በቦታው ቆየ፤ እንዲያውም ትልልቅ ስክሪኖች ቦታ ሲሹ ዙሪያው እንዲያንስ ተደረገ። መዘውር ሲያንስ ለማዞር የሚፈልገው ክንድ ይጨምራል። በዚህ ላይ ሲሳሳት ኤሌክትሪኩን መቁረጥ ግድ የሚል ሶፍትዌር ተጨመረ፤ መመሪያውም አብራሪውን መልሶ ወደዚያው መዘውር ላከው። ዘዴው በበረራ 302 ላይ ያድን ነበር ማለት አይደለም፤ ከመሬት ብዙ ላልራቀ አውሮፕላን አፍንጫን ማውረድ ራሱ አደጋ ነው። ነገር ግን መዘውሩን ከ1967 እስከ 2017 ያቆየ ድርጅት፣ ከመዘውሩ ጋር የተጻፈውን ገጽ ሊያቆይ ይገባው ነበር። ገጹን ለማቆየት የሚያስፈልገው የሥልጠና ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ሰዓት ግን ሊሸጥ የማይፈለገው ነገር ሆኖ ነበር።

አራት ብሎን

ማክስ ለ20 ወራት ቆሞ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እንደገና ተፈቀደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. መለሰው። ኤምካስ አሁን ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ይዘጋል፤ የሚገፋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አብራሪው በመሪው ሊመልሰው ከሚችለው በላይም አይገፋም። መሐንዲሶች ቀድሞ ይጠይቁት ከነበረው የተለየ ነገር የለበትም።

አስተዳደሩ ግን በሶፍትዌር አይታደስም። በጥር 5 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ከፖርትላንድ የተነሳ ማክስ 9 ወደ 16,000 ጫማ ከፍታ ሲደርስ የበር መዝጊያ የሆነ የሰውነቱ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ። ማንም አልሞተም። መርማሪዎች ሲመለከቱ ክፍሉን የሚይዙት አራት ብሎኖች ሬንተን ውስጥ ለሌላ ጥገና ሲፈቱ ቆይተው ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ ክፍሉ መከፈቱን የሚያሳይ የወረቀት መዝገብም አልተገኘም። ልምድ ያላቸው ብዙ ሠራተኞች በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ወጥተው፣ በቦታቸው የገቡት በቂ ሥልጠና አላገኙም ነበር። በዚያው ዓመት ቦይንግ የዊቺታውን ፋብሪካ የያዘውን ድርጅት መልሶ ለመግዛት ተስማማ፤ ሃርት-ስሚዝ ከጻፈ 23 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ መሐንዲሶችንም ለሁለት ከፍሏል። በዘመናዊ አውሮፕላኖች ላይ ብዙ ብልሽት በአንድ ጊዜ ሲደርስ የትኛው መቅደም እንዳለበት በስክሪን ለይቶ የሚነግር የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አለ፤ በ737 ላይ የለም። የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ይህን ግዴታ ካደረጉ በኋላ በወቅቱ ገና ላልጸደቁት ማክስ 7ና ማክስ 10 በ2022 መጨረሻ ሌሎች ማሻሻያዎች እንዲጨመሩ ጠይቀው ነጻ አወጧቸው። ደጋፊዎቹ አንድ አብራሪ ሰኞ በአንድ ዓይነት፣ ማክሰኞ በሌላ ዓይነት ኮክፒት መብረሩ ራሱ አደጋ ነው ይላሉ፤ ይህ እውነትነት አለው። ተቃዋሚዎቹ በረራ 302 ላይ ማስጠንቀቂያዎቹ እንዴት እንደተደራረቡ ያስታውሳሉ፤ የእነሱ ሚዛን ይደፋል።

ከለውጦቹ አንዱ ሥልጠናው ነው። ማክስን ለማብረር አሁን ሲሙሌተር መግባት ግዴታ ሆኗል። ከሚለማመዱት መካከል የጅራቱን ኤሌክትሪክ ቆርጦ፣ እጀታውን አውጥቶ፣ መዘውሩን በእጅ ማዞር አለ። አብራሪዎቹ መቼ በአንድ ክንድ እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚከብድ፣ መሪው በምን ያህል ሲላላ እንደሚለቅ በገዛ እጃቸው ይሞክሩታል።